ከፊት የቆመው ሰሌዳ

«ዛሬም ከፈላች አሻጥር ብለው ሊጽፉበት ነው። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ኪስ ገብቷል፤ የቀረው ቀኑን መሙላት ብቻ ነው።»

ኃይለ መስቀል ይህን የሰማው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ካልሲ ውስጥ ሲያስገባ ነው። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀረ። ድምፁ የሚስቱ የዋጋነሽ ታናሽ ወንድም የነገሬ ነው፤ የመጣውም ከሳሎን ነው። መኝታ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ባለፈው ክረምት ውሃ ጠጥቶ ታችኛው ማዕዘኑ ተገሽልጦ ወድቋል፤ ቀዳዳው ሁለት መዳፍ ያህል ይሆናል። ዋጋነሽ ጋዜጣ ለጥፋበታለች። ጋዜጣ እንግዲህ ዓይን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም። በዚያ ቀዳዳ ስንት ነገር ተሰምቷል፤ የጎረቤት ሐሜት፣ የዋጋነሽ ብሶት፣ የነገሬ ማንኮራፋት። እንዲህ ያለ ነገር ግን ገብቶ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?» አለች ዋጋነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ምን ብዬ? አንቺ አሞታል ብለሽ አስቀሪው።»

«በሃያ ዓመት አንድ ቀን ታሞ የማያውቀውን ሰውዬ?»

የሻይ ማንኪያ ተንቀጫቀጨ። ኃይለ መስቀል ካልሲውን ስቦ ጨረሰ። ጊዜው ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰው የሚፈራው የሠራውን ጥፋት ሳይሆን ለጥፋቱ የሚወጣለትን ስም ነበር። ስህተት ከተባለ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ያልፋል። አሻጥር የተባለ እንደሆነ ግን ሰውዬው ቤቱ አይገባም፤ ጋቢና ስንቅ ይላክለታል። ኃይለ መስቀል ሃያ ስድስት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ሌላው ቀርቶ አንዲት ብሎን አጉድሎ አያውቅም።

ፈላች የተባለችው ሙሽሪት ናት። ሙሽሪት የሚሏት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የጣልያን ስፖርት መኪና ስትሆን፣ ድሮ የአንድ ባለጸጋ ልጅ መሽሞንሞኛ ነበረች። ተወርሳ ኃይለ መስቀል የሚሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት ግቢ ገባችና ስድስት ዓመት ሙሉ ዶሮ አደረባት። ዘንድሮ በሠራተኞች የስፖርት ቀን ድርጅቶች በመኪና ይሽቀዳደሙ ሲባል፣ ከጭነት መኪና ሌላ የሌለው ድርጅት ሙሽሪትን አስታወሰ። ኃይለ መስቀል ዶሮዎቹን አባርሮ በሁለት ወር እንደ ስሟ ሙሽራ አደረጋት። ዕዳው የጀመረው ያኔ ነው። ከአየር ጤና በታች መኪና ሊሞከርበት በተሠራው ክብ አስፋልት ላይ፣ ሹማምንቱ ቆመው እያዩ፣ በመጀመሪያው ልምምድ በስድስተኛው ዙር ፈላች። በሁለተኛው ልምምድ ደግሞ በአምስተኛው። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ቡልቅ ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው መኪናዋን አልነበረም፤ ኃይለ መስቀልን ነበር።

ያላደረገው ነገር የለም። ራዲያተሩን አውርዶ አጥቧል፣ የውሃ ፓምፑን ፈትቶ ገጥሟል፣ የቬንትሌተሩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ቀይሯል፣ ክዳኑ ግፊት እንዲይዝ ጎማውን አድሷል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ውሃ ቶሎ እንደሚያፈላ ስለሚያውቅ ለክዳኑ የተጨነቀውን ያህል ለጥርሱ ተጨንቆ አያውቅም። የሚያናድደው ደግሞ፣ ከልምምዱ በኋላ እሱ ራሱ ይዟት እስከ ሰበታ ደርሶ ሲመለስ፣ በሙሉ ጋዝ እየነዳት፣ የሙቀት መቁጠሪያው መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። መንገድ ላይ ጤነኛ፣ መሮጫው ላይ በሽተኛ። ይህ ለድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ለጓድ ፀሐዬ ሲነገር ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም፤ ሰው ሲያይ የምትፈላ መኪና አንድ የሚያፈላት አላት ማለት ነው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። ሻዩ ስኳር አንሶታል፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ካየ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዋጋነሽ ዳቦውን ለሦስት ቆርሳ ትልቁን ለባሏ አስጠጋች፤ ሌላ ቀን ትልቁ የነገሬ ነው። «ሽንኩርት ኪሎው ብር ከስሙኒ ገባ» አለች። «እንዲያ ነው?» አለ ኃይለ መስቀል። «ጦር ኃይሎች ብር ከአሥር ይሸጣል ሲሉ ሰማሁ» አለ ነገሬ ብርጭቆው ውስጥ እያየ። በዚያን ቀን ጠዋት ስለ ሽንኩርት እንደዚያ ቤተሰብ የተጨነቀ በኮልፌ አልነበረም። ኃይለ መስቀል የነገሬን ጎንበስ ያለ አንገት አየ። ድርጅቱ ውስጥ ዋስ ሆኖ በሠዓሊነት ያስቀጠረው እሱ ነው። አራት ዓመት ቤቱ አስቀምጦታል። ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ አፍ አለው፤ ያን አፍ አንድ ቀን ለሱ ቢከፍትለት ምን ነበረበት?

በሩ አጠገብ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ሰሌዳ ቆሟል፤ ቤቱን የቀለም ሽታ ሞልቶታል። የሙሽሪት ሰሌዳ ነው። ጓድ ፀሐዬ ሁለት ቀን ሙሉ አስቦ ያወጣውን መፈክር ነገሬ በቀይ ላሜራ ላይ በነጭ ፊደል ጽፎታል፤ ሹማምንት በሚገኙበት ቀን ሁሉ መኪናዋ ፊት ላይ ይታሰራል፣ ሲያበቃ ተፈትቶ ከነገሬ ጋር ቤት ይገባል። «እንደገና ቀባኸው እንዴ?» አለ ኃይለ መስቀል፤ ከሽንኩርት ሌላ መነጋገሪያ ፍለጋ ነው። «ደብዝዞ ነው ጋሼ» አለ ነገሬ፣ ሰሌዳውንም ቶሎ ብሎ ብብቱ ስር ሸጎጠው። ዋጋነሽ በር ድረስ ሸኘቻቸው። ባሏን አንድ ነገር ልትለው ከንፈሯን ከፈተች፤ ኮሌታውን አስተካከለችለትና ተመለሰች።

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ውይይት ተሳፈሩ። ውይይት የሚባለው ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥበት ነው፤ ተሳፋሪው ሳይወድ በግዱ ይወያያል። ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው፣ በመካከላቸው ያን ሰሌዳ አቁመው፣ እስከ ጦር ኃይሎች ቃል አልተነፈሱም። አንዲት ሴትዮ ዶሮ ይዛ ስለ ዶሮዋ ታወራ ነበር። ሌሎቹ መለሱላት፤ ዋጋ ጠየቋት፤ አልረከሰም አሏት። ኃይለ መስቀል ሰሌዳውን አልፎ የነገሬን ግንባር ሲያይ፣ ልጁ በኅዳር ብርድ አልቦታል። አሳዘነው። ወዲያው ደግሞ ማዘኑ አናደደው። ከጦር ኃይሎች በአውቶቡስ አየር ጤና ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

መሮጫው ዙሪያ ሰው ግጥም ብሏል። የየድርጅቱ መኪና በየመፈክሩ ተኳኩሎ ቆሟል። ዳንኤል የሚባለው የሙሽሪት ሾፌር ጓንቱን አድርጎ ይንጎራደዳል። ኃይለ መስቀል ጠጋ ብሎ ጥርሱን ነክሶ እንደሚያስጠና መምህር የሚለውን ሁሉ አለው፦ «ሌላ መኪና ቂጥ ስር ተጣብቀህ አትንዳ፤ የሱን ትንፋሽ ነው የምታጠጣት። መርፌው ከመሃል ካለፈ ማርሽ ጨምረህ ጋዙን ቀንስ። ሲያበቃ ድገም ባይሉህም አንዲት ዙር ቀስ ብለህ ንዳት፤ ጋል ያለችውን ወዲያው አታጥፋት፤ ውሃው ባለበት ይቆምና ያኔ ነው የሚፈላው።» ዳንኤል ራሱን ነቀነቀ። «ከፈላችስ?» አለው። ወዲያ ማዶ ጓድ ፀሐዬ ካኪውን ለብሶ ቆሟል፤ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ጫፉ ብቅ ብሏል።

ነገሬ ሰሌዳውን ከከረጢቱ አወጣው። «ከፊታችን የሚቆም ኃይል የለም» ይላል፤ ፊደሉ ያምራል፤ እጁን አይክዱትም። ሽቦና ብሎን ይዞ ከሙሽሪት ፊት ተንበረከከና «ጋሼ፣ ያዝልኝ» አለ፤ ሌላ የሚይዝለት ሰው ስላጣ ነው እንጂ ዛሬ እሱን ባላስያዘው ነበር። ኃይለ መስቀል በሁለት እጁ ያዘ። ጣቶቹ የሰሌዳውን ጀርባ ሲነኩ ጎርበጥ አለው። አገላብጦ አየው። አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ከስሩ ግን አሮጌው ቀለም ኩፍ ኩፍ ብሎ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ሆኗል። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ተፈለጠ፤ ውስጡ ጠቁሯል።

ፀሐይ የመታው ቀለም የሚነሳው በፊቱ ነው። ይኼ የተጠበሰው በጀርባው ነው። በጀርባው በኩል ያለው ደግሞ ፍርግርጉ ነው፤ ከፍርግርጉ ኋላ ራዲያተሩ። ኃይለ መስቀል ሰሌዳውን ቦታው ላይ አስጠጋው፤ ግጥም አለ፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት አልቀረም። ነፋስ በየት ይግባ? ሰበታ የሄደ ጊዜ ሰሌዳው የት ነበር? ቤት፤ በሩ አጠገብ፤ ከረጢቱ ውስጥ። እሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ የመኪናዋን ሆድ ዕቃ ሲፈታ፣ ሰዎቹ አፍንጫዋን ይዘው ነበር የሚያስሮጧት።

ቀና ሲል ነገሬ እያየው ነው።

«መቼ አወቅህ?» አለ ኃይለ መስቀል።

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ ነገሬ። «ስፈታው እጄን አቃጠለኝ።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?»

«መፈክር እኮ ነው ጋሼ። መፈክሩ ሞተር ያግላል ብዬ ለማን ልናገር?»

ኃይለ መስቀል ሊሰድበው ነበር። ስድቡን አዘጋጅቶም ነበር፤ አራት ዓመት የበላው ዳቦ፣ ዋስትናው፣ የዋጋነሽ ጭንቀት፣ ሁሉም ተሰልፎ ነበር። ግን «መፈክሩ ሞተር ያግላል» የምትለዋን እሱ ራሱ በሆዱ ሲሞክራት አላስኬድ አለችው። ይህ ልጅ ያልቻለውን እኔስ እችላለሁ? አለ። ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። እጁን በቡትቶ ጠረገና ወደ ጓድ ፀሐዬ ሄደ።

«ጓድ ፀሐዬ፣ ስለ ሰሌዳው አንድ ነገር ልበልዎት።»

«ስለ መፈክሩ?» አለ ጓድ ፀሐዬ።

በቃ፤ ሰሌዳ ሲል መፈክር ሆኖ ተመለሰለት። ነፋስ ይከለክላል ሊል ከፍቶት የነበረው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «መፈክሩ ይከለክላል አለ» ተብሎ በዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ታየው። እናቱ በልጅነቱ ምላስህ ያስበላሃል ትለው ነበር፤ ያ ምላስ ዛሬ አንድ ጊዜ ከመበላት ቢያድነው ምናለ?

«ስለ ቦታው ነው» አለ። «ጽሑፉ እንዲህ አምሮ ቦታው በደለው።»

«እንዴት?»

«ሙሽሪት ዛሬ ትቀድማለች አይደል?»

«መቅደም አለባት።»

«እንግዲያው ሌሎቹ ከኋላ ናቸው። ከኋላ ያለ ሰው የሚያየው ጀርባዋን ነው። ከፊት የተጻፈውን ማን ያነበዋል?»

ጓድ ፀሐዬ ሙሽሪትን ከፊት አያት፤ ዞሮ ከኋላም አያት። ብዕሩን አውጥቶ አገጩን ነካ ነካ አደረገ። ኃይለ መስቀል የዚያን ሰውዬ አገጭ እያየ የቆየባት ደቂቃ ከሁለቱ ወር ትረዝማለች።

«ከፊት ይሁን ማለት» አለ ጓድ ፀሐዬ ቀስ ብሎ፣ «ሌሎቹ ከፊታችን ሆነው በመስታወት ያንብቡት ማለት ነው።»

«እኔ እንዲያ አልወጣኝም።»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ይኼ ሽንፈትን አስቀድሞ መቀበል ነው። ማነው እዚህ ጋ እሰረው ያለው?»

ያለው እሱ ራሱ ነበር። ኃይለ መስቀልና ነገሬ ላለመተያየት መሬት መሬቱን አዩ። «አላስታውስም ጓድ» አለ ነገሬ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ባለ ድምፅ። ሰሌዳው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከኋላ ታሰረ።

ሃያ ዙር ረጅም ነው። ኃይለ መስቀል ፉክክሩን አላየም፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተቀደመ፣ ቢጠይቁት አያውቅም። ዓይኑን የሙሽሪት ኮፈን ላይ ተክሎ ዙሩን ይቆጥራል። አምስተኛው ላይ ነገሬ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ስድስተኛው ላይ ሙሽሪት እያፏጨች አለፈች፣ ቀይ ኮፈኗ ደረቅ ነው። ሰባተኛው። ስምንተኛው። በዘጠነኛው ዙር እንፋሎት ሲነሳ ሰው ሁሉ «ኧረ!» አለ። ግን የፈላችው ሙሽሪት አልነበረችም፤ የጨው ድርጅት ሰማያዊ መኪና ናት። ከፊቷ ከሙሽሪት ሰሌዳ የሚበልጥ ጣውላ ተለጥፎባታል። እየነጠበች ወጥታ ዳር ቆመች።

መካኒኩን ኃይለ መስቀል ያውቀዋል፤ ሰይፈዲን ይባላል፤ ድሮ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎቱ ውስጥ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ኮት የለበሱ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው። ኃይለ መስቀል ያን አቋቋም ያውቀዋል። ስራህን ጠብቅ ይለዋል አንዱ ልቡ፤ ሌላው ልቡ ግን እግሩን አስነሳው። ውሃ የያዘ ጄሪካን አንስቶ ሄደ፣ ያግዘው መስሎ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «ፓምፕህ ደህና ነው። ሰሌዳውን እየው» አለው። ሰይፈዲን አየው። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ ታየ። «እንዴት ብዬ ልናገር?» አለ። «ከፊት ከሆነ ማን ያነበዋል በላቸው» አለ ኃይለ መስቀል፣ ጄሪካኑን ትቶለት ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ለሰው ማቀበል ደስ ይላል፤ ነገሬ ሳይቀር ፈገግ ብሎ ጠበቀው።

ሙሽሪት ሁለተኛ ወጣች። ዳንኤል እንደተነገረው አንዲት ዙር ቀስ ብሎ ነድቶ፣ ጥቂት አቁሞ፣ አጠፋት። ኃይለ መስቀል ሮጦ መስኮቱ ውስጥ አንገቱን አስገባ። መርፌው መሃል ላይ ነው። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ሞቃለች፣ ጤነኛ ሰው እንደሚሞቀው ነው። የጨዋታው ሁሉ ፍሬ ለሱ ያ ነበር። ጓድ ፀሐዬ ሰው ከቦት መጣ፤ ደስ ብሎታል። «አሥራ አንድ መኪና ሃያ ዙር ሙሉ አነበበው» አለ። «አንደኛ የወጣው ብቻ ነው ያመለጠን። ለሚቀጥለው ዓመት ከኋላ የሚሆን ሰፊ ሰሌዳ ይሠራል። ይኼኛውን ጽሑፉን አጥፍታችሁ ለፈለጋችሁት አውሉት።» ከዚያ ወደ ኪሱ ገባ። ወረቀቱን አወጣው፣ ዘርግቶ አንድ ጊዜ አየው፣ «ይኼ እንኳን አሁን አያስፈልግም» ብሎ ለሁለት ቀደደው፤ ደግሞ ለአራት። ኃይለ መስቀል በአጠገቡ ያገኘው ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ቤት ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዋጋነሽ ደጁ ላይ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እግዜር ይወቅ። ሁለቱንም ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ገለጠችና «ግቡ» አለች። ሳሎኑ ውስጥ፣ በሩ ስር፣ ዘምቢል ተቀምጧል። ኃይለ መስቀል የገዛ ጋቢው በላዩ ታጥፎ አየ፤ ከስሩ ሳሙና፣ ከሳሙናው ስር በፌስታል የታሰረ ዳቦ ቆሎ። ጠዋት እነሱ ሲወጡ የቆላችው ነው። ያ ሁሉ ሽንኩርት የተወራው ይህን የእስር ስንቅ ለመሸሸግ ኖሯል። ጋቢውን አንስቶ ደረበ፣ ዳቦ ቆሎውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ። ሦስቱም ከበው በሉ። ጨው በዝቶበታል፤ ማንም አላነሳባትም። ኃይለ መስቀል የዋለውን ከዳር ዳር ሲናገር፣ «ከፊት ከሆነ ማን ያነበዋል» የሚለው ላይ ሲደርስ ዋጋነሽን ቆሎው ትን አላትና ነገሬ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። እፎይ ያለ ቤት እንዲህ ነው፤ ሰው ለትንሽ ነገር ይስቃል።

ነገሬ ተነስቶ ወጣ። ሰሌዳውን ነጭ ቀለም ደፍኖበት፣ መዶሻና ምስማር ይዞ ገባ። ኮምፔንሳቶው ላይ ያለውን ጋዜጣ ላጠና ቀዳዳው ላይ ገጠመው፤ ልክክ አለ። ዋጋነሽ «እሰይ፣ ስንት ቀን ስለምን ነበር» አለች። ኃይለ መስቀል መኝታ ቤት ገብቶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ጠዋት የተቀመጠበት የአልጋ ጫፍ ላይ ነው። ከወዲያ መዶሻው ቀጠቀጠ፣ ቀጠቀጠና ቆመ። ከዚያ የነገሬ ድምፅ መጣ፣ ዝግ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፦

«ጋሼ... መጀመሪያውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር።»

ኃይለ መስቀል ካልሲውን ስቦ አወለቀ። ከግድግዳው ወዲያ ልጁ መዶሻውን ይዞ እንደቆመ ታወቀው።

«አሁንም ይሰማል?» አለ ነገሬ።

«አይሰማም» አለ ኃይለ መስቀል።